ወባ ሳይነሳ መድረስ፦ የሳተላይት መረጃን ለወረዳ የወባ ትንበያ የመጠቀም መመሪያ

ነሐሴ ላይ ጤና ኬላው ጭር ይላል። ጥቅምት ሲገባ በረንዳው ይሞላል። እናት ልጇን አዝላ ትቆማለች። አባት ጋቢውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የመመርመሪያ ኪቷን ትቆጥራለች፤ ለሦስት ቀን አይበቃም። ስትደውል «ጠይቀናል፣ እየመጣ ነው» ትባላለች። ኪቱና መድኃኒቱ ሲደርስ ወረርሽኙ ጫፍ ላይ ወጥቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄ ነው።

የሚያስቆጨው ምልክቱ ቀድሞ መታየቱ ነው። የጥቅምቱ ወባ የሚጠነሰሰው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ዝናቡ ይዘንባል፣ ውሃው ሜዳ ላይ ይተኛል፣ ሌሊቱ ሞቅ ይላል። ሦስቱንም ሳተላይቶች ከላይ ሆነው ይለኩልናል፤ መረጃውም በነፃ ይለቀቃል። እኛ ጋ የጎደለው ያንን መረጃ ከጤና ኬላው መዝገብ ጋር ማገናኘት ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በወረዳና በዞን የበሽታ ቅኝት ላይ ለምትሠሩ፣ ለሕብረተሰብ ጤና ተማሪዎች፣ ኮምፒውተር ለሚያውቅና ለወገኑ መሥራት ለሚፈልግ ሁሉ ነው። ኢንተርኔት ያለው ላፕቶፕ፣ ኤክሴል እና ትዕግስት ካላችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ምሳሌዎቼን ከአማራ ክልል የወሰድኩት በምክንያት ነው። ኢፒዲሚያ የተባለው የትንበያ ሥርዓት የተሞከረው እዚሁ ክልል ውስጥ በ47 ወረዳዎች ነው። የአሜሪካው ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ እና ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከክልሉ የጤና ባለሙያዎች ጋር ሆነው የየሳምንቱን የወባ ሪፖርት ከሳተላይት መረጃ ጋር አጣመሩት። ከዚህ በታች ያለው የዚያው መንገድ ቀለል ያለ መልክ ነው።

ሳተላይቱ ምን ያያል?

ሳተላይት ትንኝ አያይም። በሽተኛም አያይም። የሚያየው ለትንኟ የሚመቻትን ሁኔታ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ካልተቀበላችሁ በኋላ ካርታው ያታልላችኋል።

ዝናብ አንዱ ነው። እኛ ጋ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አረቢየንሲስ ትንሽ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ የሚያገኘው ውሃ ትወዳለች። የከብት ኮቴ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። ጡብ ለመሥራት የተቆፈረ ጉድጓድም እንዲሁ። ስለዚህ ዝናብ ሲበዛ መራቢያዋ ይበዛል። በጣም ከባድ ዶፍ ከሆነ ግን ውሃው ውስጥ የሚያድገውን የትንኟን እጭ ጠራርጎ ይወስደዋል። ነገሩ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ እዚህ ላይ ጠጋ እንበል። ትንኟ የታመመ ሰው ደም እንደጠጣች ወዲያው በሽታ አታስተላልፍም። የወባው ተህዋሲ ሆዷ ውስጥ አድጎ ምራቅ ዕጢዋ ድረስ መድረስ አለበት። የሚፈጅበትን ጊዜ ሙቀቱ ይወስነዋል። ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ተህዋሲ የቆየ ቀመር አለ። ከአማካይ ሙቀቱ ላይ 16 ትቀንሳላችሁ፤ 111ን ለቀሪው ታካፍላላችሁ። 25 ዲግሪ ላይ 111 ለ9፣ ወደ 12 ቀን ይሆናል። 20 ዲግሪ ላይ 111 ለ4፣ ወደ 28 ቀን። 18 ዲግሪ ላይ 111 ለ2፣ ከ55 ቀን በላይ።

አሁን አስቡት። አብዛኞቹ ትንኞች 55 ቀን ቀርቶ 28 ቀንም አይኖሩም። ቆላ ላይ ሁለት ዲግሪ ቢጨምር ብዙም ለውጥ የለውም። ወይና ደጋ ላይ ግን ከ18 ወደ 20 መውጣት የተህዋሲውን ጊዜ በግማሽ ያሳጥረዋል። ወባ ለምዶት የማያውቅ፣ የመከላከል አቅም ያላዳበረ ሕዝብ የሚኖረው ደግሞ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የደረሰው ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው አሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። ከ2,000 ሜትር በላይ ያሉ ቦታዎችም አልተረፉም ነበር።

ሦስተኛው የመሬቱ እርጥበትና ልምላሜ ነው። ዝናቡ ከወረደ በኋላ ውሃው ቆየ ወይስ ሄደ? ለዚህ ኤንዲቪአይ እና ኤንዲደብልዩአይ የሚባሉ መለኪያዎች አሉ። የመጀመሪያው ቅጠል ምን ያህል እንደለመለመ፣ ሁለተኛው ቅጠሉና መሬቱ ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ይነግራችኋል።

ይህ ሐሳብ አዲስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 መገባደጃ ላይ ተመራማሪዎች የባህር ሙቀትን፣ ዝናብንና ልምላሜን በሳተላይት ተከታትለው በምሥራቅ አፍሪካ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሊነሳ እንደሚችል አስጠነቀቁ። ሳምንታት ቆይቶ ዲሴምበር ላይ በሽታው ኬንያ ውስጥ ተነሳ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ መዝገቡን አጽዱ

ብዙ ሰው ወደ ካርታው ይቸኩላል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ከጠቅላላው ሥራ ግማሹ እዚህ ነው፤ ትንበያውን የሚያበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ያለፈ ስህተት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ የወረዳው ሳምንታዊ የወባ ሪፖርት ነው። ቢያንስ የ5 ዓመት ይሁን። ለእያንዳንዱ ሳምንት አራት ነገር ያዙ፦ ስንት ሰው ተመረመረ፣ ስንት ፋልሲፓረም ተገኘ፣ ስንት ቫይቫክስ (ሌላው የወባ ዓይነት) ተገኘ፣ ስንት ጤና ተቋም ሪፖርት ላከ። ፋልሲፓረምና ቫይቫክስን አትደምሩ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል፤ ስለዚህ ከዝናቡ ጋር ያለው ዝምድና ላላ ያለ ነው። ከደመራችኋቸው የሁለቱም መልክ ይጠፋል።

ባዶ ሳምንት እና 0 ሳምንት አንድ አይደሉም። አንድ ወረዳ ላይ ስንሠራ በጥቅምት መሃል የበሽተኛው ቁጥር ለሦስት ሳምንት ወደ ዜሮ ወርዶ አየን። ርጭቱ ሠራ ብለን ደስ አለን። ጤና ኬላ ድረስ ወርደን ስንጠይቅ የመመርመሪያ ኪት አልቆ ነበር። ሰው ይመጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግን የሚመረመርበት ስለሌለ «የተረጋገጠ ወባ» ተብሎ አይመዘገብም። ሪፖርቱ ላይ ባዶ መተው የነበረበት ቦታ 0 ተጽፎበታል። ያንን ዳታ እንዳለ ብንወስደው ኮምፒውተሩ «ከከባድ ዝናብ በኋላ ወባ ይጠፋል» ብሎ ይማር ነበር። ለዚህ ነው የተመረመረውን ሰው ቁጥር አብራችሁ ያዙ ያልኩት። የተመረመረ ሰው ከሌለ የተገኘው 0 ምንም አይናገርም። ባዶ አድርጉት።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠር ነገር አለ። የጤና ኬላው መዝገብ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። ሳምንታዊ ሪፖርቱ ከሰኞ እስከ እሑድ ባለው የወረርሽኝ ሳምንት ነው። ሳተላይቱ በፈረንጅ ቀን ነው። ከመዝገብ በቀጥታ የምትለቅሙ ከሆነ እያንዳንዱን ቀን ወደ አንድ አቆጣጠር ቀይሩ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። ጳጉሜን በነሐሴ ላይ የሚደምር መዝገብም አጋጥሞኛል። መስከረም የወባው መነሻ ስለሆነ እዚያ ላይ አንድ ሳምንት መሳት ቀላል አይደለም።

ደረጃ 2፦ ወረዳውን በልኩ ቁረጡ

የወረዳ ወሰን ፋይል ያስፈልጋችኋል። ኪውጂአይኤስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይከፍተዋል። ፋይሉ መቼ እንደተሠራ ተመልከቱ። ወረዳዎች ይከፈላሉ፣ ስማቸውም ይቀየራል። ሪፖርቱ በአዲሱ ወረዳ፣ ካርታው በአሮጌው ከሆነ አይገጥምም።

ከዚያ ከፍታውን ተመልከቱ። ጃቢ ጠህናንን ብትወስዱ አንዱ ጫፍ ዝቅ ያለና ሞቃት፣ ሌላው ጫፍ ብርድ ነው። የወረዳውን አማካይ ሙቀት ካወጣችሁ ማንም የማይኖርበትን የአየር ጠባይ ታገኛላችሁ። መፍትሔው ደጋውን ቆርጦ ማውጣት ነው። ለዚህ ኤስአርቲኤም የሚባለው የከፍታ መረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር ላይ የተሰበሰበ ነው፤ ዝርዝሩ እስከ 30 ሜትር ይወርዳል። እኔ መስመሩን ከ2,000 ሜትር ትንሽ ከፍ አድርጌ 2,200 ላይ አሰምራለሁ፤ የ1958ቱን ወረርሽኝ ስለማስብ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ትታችሁ በታች ያለውን ብቻ አስሉ።

ጣና ዳር ላላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር። የፎገራ፣ የደራ ወይም የሊቦ ከምከም ወሰን ሐይቁን ጨምሮ ከሆነ ሐይቁን አውጡት። የውሃው ሙቀት ከመሬቱ ይለያል፣ አማካዩን ያዛባዋል። እምቦጩም አለ። ሳተላይቱ ሐይቁ ላይ የተንሳፈፈውን እምቦጭ ሲያይ «ለምለም መሬት» ብሎ ነው የሚቆጥረው። እምቦጭ ሲስፋፋ የወረዳው ልምላሜ የጨመረ ይመስላል፤ ወባ ሊመጣ ነው ብላችሁም ልትደነግጡ ትችላላችሁ።

ደረጃ 3፦ መረጃውን አምጡ

ጉግል ኧርዝ ኢንጅን ላይ አካውንት ክፈቱ። ለትርፍ ላልሆነ ሥራ ነፃ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ከባዱን ሥራ የሚሠራው የጉግል ኮምፒውተር መሆኑ ነው። የ10 ዓመት የሳተላይት ምስል ብታወርዱ የወረዳ ኢንተርኔት አይችለውም። እዚህ ግን የወረዳችሁን ወሰን ትጭናላችሁ፣ ስሌቱ እዚያው ያልቃል፣ እናንተ የምታወርዱት ትንሽ የኤክሴል ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ኔትወርክ በተቆራረጠበት ቀን እንኳን ይወርዳል።

ለዝናብ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ቺርፕስ የሚባለው ከእ.ኤ.አ. 1981 ጀምሮ ያለ ሲሆን በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ይለካል። የሳተላይት ግምትን ከመሬት የዝናብ ጣቢያዎች ጋር ያዋህዳል። የረጅም ዘመን ታሪክ ለማየት እሱን የሚያህል የለም። ችግሩ የመጨረሻው ቅጂ ዘግይቶ መውጣቱ ነው፤ የዚህን ሳምንት ትንበያ ያለፈው ወር ዝናብ እስኪወጣ መጠበቅ አንችልም። ሁለተኛው አይመርግ ነው። ዝናብ የሚለኩት የጂፒኤም ሳተላይቶች ውጤት ሲሆን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ፈጣኑ ቅጂ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል። ለትንበያ አይመርግን ምረጡ። ታሪኩንም ከእሱው ውሰዱ። ታሪኩን ከቺርፕስ፣ የዛሬውን ከአይመርግ አድርጋችሁ አትደባልቁ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሚዛን አይደሉም።

ለሙቀት ሞዲስን ተጠቀሙ። ቴራ እና አኳ በተባሉት የናሳ ሳተላይቶች ላይ የተጫነ መሣሪያ ነው። የመሬቱን ገጽ ሙቀት በ1 ኪሎ ሜትር ስፋት ይለካል። ለብዙ ዓመታት ቴራ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አኳ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ በላያችን ሲያልፉ ኖረዋል፤ ሌሊትም እንዲሁ ይመለሳሉ። ሁለቱም አርጅተዋል። ስለዚህ ቪርስ የተባለውን ተተኪያቸውን ከአሁኑ ብትለማመዱ ጥሩ ነው።

የቀኑን ሙቀት ሳይሆን የሌሊቱን እመኑ። ሞዲስ የሚለካው የምድሩን ገጽ እንጂ አየሩን አይደለም። በበጋ ቀትር ላይ የታረሰ ባዶ መሬት በባዶ እግር አያስረግጥም፤ ጥላው ውስጥ ያለው አየር ግን እንደዚያ አይደለም። ሌሊት ላይ የመሬቱና የአየሩ ሙቀት ይቀራረባሉ።

ፋይሉን ስትከፍቱ 14,700 የሚል ቁጥር ብታገኙ አትደንግጡ። በ0.02 አባዙት፤ 294 ኬልቪን ይሆናል። 273.15 ቀንሱ፤ 20.85 ዲግሪ ሴልሺየስ። 0 የሚል ካገኛችሁ መረጃ የለም ማለት ነው፤ በስሌቱ ውስጥ እንዳይገባ አውጡት።

መረጃ የሚጠፋው በክረምት ነው። ሞዲስ ደመና አልፎ ሙቀት ማየት አይችልም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ሰማያችን ዝግ ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ከጎደለ በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት አማካይ ሙሉት። ከዚያ በላይ ከጎደለ የዚያን ሳምንት የብዙ ዓመት አማካይ አስገቡ። የሞላችሁትን ቁጥር በሌላ ቀለም ምልክት አድርጉበት። በኋላ የተለካውንና የተገመተውን መለየት ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 4፦ ሁሉንም ወደ ሳምንት አምጡ

ይህ ቀላል ነው። ዝናብ ይደመራል፣ ሙቀትና ልምላሜ አማካያቸው ይወሰዳል። ሳምንቱ ከሰኞ እስከ እሑድ፣ ልክ እንደ ሪፖርቱ። በመጨረሻ አንድ ረጅም ሰንጠረዥ ይኖራችኋል፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሳምንት ነው።

ደረጃ 5፦ የሚዘገይበትን ጊዜ ፈልጉ

ዛሬ የዘነበው ዝናብ ነገ ሰው አያሳምምም። ውሃው ይጠራቀማል፣ እንቁላሉ እጭ ይሆናል፣ እጩ ትንኝ ይሆናል፣ ትንኟ የታመመ ሰው ትነክሳለች፣ ተህዋሲው ያድጋል፣ ጤነኛ ሰው ይነከሳል፣ እሱም ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ነው የሚያተኩሰው። ሲደመር ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይሆናል። ቆላ ላይ ያጥራል፣ ብርድ ያለበት ቦታ ላይ ይረዝማል። ለመተማ ያገኛችሁትን ለሜጫ አትውሰዱ።

ስለዚህ የዝናቡን ዓምድ በ4፣ በ5፣ በ6 እያላችሁ እስከ 12 ሳምንት ወደ ኋላ ጎትቱትና ከበሽተኛው ቁጥር ጋር ያለውን ዝምድና በኤክሴል አስሉ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ዝናብም ወባም በየዓመቱ ወቅት ጠብቀው ይመጣሉ። ስለዚህ እንዲሁ ካሰላችሁ ዝምድናው ሁልጊዜ ጠንካራ ይመስላል። የአደይ አበባ መፍካትም ከወባ ጋር ይዛመዳል፤ ወባ ግን ከአደይ አበባ አይመጣም።

መውጫው ልዩነቱን ማየት ነው። ለእያንዳንዱ ሳምንት የብዙ ዓመት አማካይ ዝናቡን አውጡ። ከዚያ የዘንድሮውን ከአማካዩ ቀንሱ። ለሙቀቱም ለበሽተኛውም እንደዚያው አድርጉ። አሁን ጥያቄያችሁ ይቀየራል፦ ከወትሮው በላይ የዘነበበት ዓመት ከወትሮው በላይ ወባ አምጥቷል ወይ? የወባ ወቅት መቼ እንደሆነ ማንም ገበሬ ያውቀዋል። የምንፈልገው ዘንድሮ ይለይ እንደሆነ ነው።

ደረጃ 6፦ ትንበያውን ሥሩ

ኮዲንግ የማትችሉ በቀላሉ ጀምሩ። ለአፍሪካ የወባ ቅኝት ሲሠራበት የቆየ መለኪያ አለ። የወሩ ዝናብ 80 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 32 ዲግሪ፣ የአየር እርጥበት 60 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ወሩ ለወባ ምቹ ነው ይባላል። በዚህ ብቻ የወረዳችሁን ምቹ ወራት ከወትሮው ጋር ማወዳደር ትችላላችሁ። ዘንድሮ ምቹ የሆኑት ወራት በአንድ ከረዘሙ እሱ ራሱ ዜና ነው።

አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የምታውቁ ኔጋቲቭ ባይኖሚያል ሪግሬሽን ሞክሩ። ለበሽተኛ ቆጠራ ተስማሚ ነው፤ ቁጥሩ አንዳንዴ ዝም ብሎ አንዳንዴ ድንገት ስለሚዘል። ግብዓቱ እነዚህ ይሁኑ፦ በቅርብ ሳምንታት የተገኘው በሽተኛ፣ የዘገየው ዝናብ፣ የዘገየው የሌሊት ሙቀት፣ እርጥበቱ እና የዓመቱ ወቅት። ከሁሉም ጠንካራው ግብዓት አብዛኛውን ጊዜ በቅርቡ የታየው የበሽተኛ ቁጥር ነው። ሳተላይቱን ስለምወድ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። ሳተላይቱ የሚረዳው ቁጥሩ ገና ሳይንቀሳቀስ በፊት ነው።

አንድ ሕግ አትጣሱ። የ6 ሳምንት ትንበያ ከሆነ የምትሠሩት፣ ከ6 ሳምንት በፊት እጃችሁ ላይ የነበረውን መረጃ ብቻ ተጠቀሙ። ያለፈ ዓመት ላይ ስትለማመዱ ሳታውቁት የኋላውን መረጃ ካስገባችሁ ትንበያው በጣም ያምራል። በእውነተኛው ሳምንት ግን ይወድቃል።

ደረጃ 7፦ ከማመናችሁ በፊት ፈትኑት

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ደብቁ። ሞዴሉን፣ ማለትም የትንበያ ስሌታችሁን፣ በቀሩት ዓመታት ብቻ አሠልጥኑት፤ ከዚያ የተደበቁትን እንዲተነብይ አድርጉ። ውጤቱን ከአንድ ተራ ነገር ጋር አወዳድሩ፦ «ዘንድሮም የዚህ ሳምንት ቁጥር እንዳለፉት ዓመታት አማካይ ይሆናል» ከሚል ግምት ጋር። ሳተላይት፣ ሪግሬሽን፣ ምኑም ምኑም ተጨምሮበት ይህንን ተራ ግምት ካልበለጠ ለዚያ ወረዳ አትጠቀሙበት። አንዳንድ ወረዳ ላይ አይበልጥም። በተለይ ወባው ዓመቱን ሙሉ በማይጠፋበት ቆላ።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ወደ ሥራ ቀይሩት

ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ «የሞዴሉ ውጤት 2.3 ነው» ብትሉ ማንም አይነሳም። በሚያውቁት ደንብ ተናገሩ። አገራችን ውስጥ የወረርሽኝ ጣራ የሚሰላው ያለፉትን 5 ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት አሰልፎ ሁለተኛውን ትልቅ ቁጥር በመውሰድ ነው። ለምሳሌ በ38ኛው ሳምንት ባለፉት 5 ዓመታት 42፣ 61፣ 55፣ 118 እና 70 ሰው ተገኘ እንበል። ትልቁ 118 ነው፤ ሁለተኛው 70። ጣራው 70 ይሆናል። ትንበያችሁ ለዚያ ሳምንት ከ60 እስከ 110 ካለ «ጣራውን የማለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው» በሉ። አንድ ቁጥር ብቻ አትስጡ፤ ከዚህ እስከዚህ በሉ። 85 ብላችሁ 97 ቢሆን «ተሳስተዋል» ይባላል፤ በሚቀጥለው ዓመትም አይሰሟችሁም።

ከማስጠንቀቂያው ጎን የሚሠራውን ሥራ ጻፉ። ሁለት ወር ከቀረው የመመርመሪያ ኪትና መድኃኒት መጠየቅ፣ ርጭቱን ወደዚያ ቀበሌ ማስቀደም ይቻላል። አንድ ወር ከቀረው አጎበሩ ተሰቅሎ እንደሆነ ቤት ለቤት ማየት፣ ውሃ የተኛበትን ማፋሰስ፣ ማፋሰስ ካልተቻለ የእጭ ማጥፊያ መጨመር። ሁለት ሳምንት ከቀረው ለጤና ኤክስቴንሽኖቹ መንገርና ያለውን ኪት በጣም ወደሚያስፈልገው ጤና ኬላ ማዛወር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፤ በቴሌግራም ግሩፕ ሲላክ በስልክ የሚነበብ ይሁን።

የት አይሠራም?

ሰው ሲንቀሳቀስ ሳተላይቱ አያይም። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ መተማና ቋራ ይወርዳል። ሲመለስ ተህዋሲውን በደሙ ይዞ ይመለሳል። ደጋው ላይ ዝናቡም ሙቀቱም ሳይለወጥ በሽተኛ ይጨምራል። ጦርነትና መፈናቀልም እንደዚሁ፤ አጎበሩ ቤት ይቀራል፣ ጤና ጣቢያው ይዘጋል፣ ሪፖርቱ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ያንን ሁሉ በዝናብ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

የመስኖ ቦታም ይለያል። ቆጋ ግድብ ዙሪያ ውሃ በበጋም አለ። እዚያ ከዝናቡ ይልቅ እርጥበቱን የሚያሳየውን መለኪያ ተከተሉ። እስከ 10 ሜትር በሚወርድ ዝርዝር የሚያየው ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት ቦዩንና የተኛውን ውሃ ለመለየት ይረዳችኋል።

ከተማ ላላችሁ ደግሞ ማስጠንቀቂያዬ ጠንከር ያለ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። እሷ በሮቶ፣ በበርሜል፣ በግንባታ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ትራባለች። ዝናብ አትጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ በደረቁ ወቅት የተነሳው ከእሷ ጋር ተያይዞ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ የዝናብ ካርታ ይዞ መጠበቅ አደገኛ ነው። ባትሪ ይዞ የየግቢውን ሮቶ ከፍቶ ማየት ይሻላል።

የሰኞ ሥራ

ሥርዓቱ አንዴ ከቆመ በሳምንት የሚፈልገው ግማሽ ቀን ነው። ሰኞ ጠዋት ያለፈውን ሳምንት ሪፖርት አስገቡ፣ የዘገየ ጤና ኬላ ካለ ደውሉ። ኧርዝ ኢንጅኑን ከፍታችሁ አዲሱን ዝናብና ሙቀት አውርዱ። ትንበያውን አስኬዱ። አንድ ገጿን ላኩ።

ከዚያ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። በግራ በኩል ትንበያችሁን ከነቀኑ ጻፉ። በቀኝ በኩል ቦታ ተዉ፤ ሳምንቱ ሲደርስ የተገኘውን ቁጥር ትሞሉበታላችሁ። ሁለቱ በጣም በተራራቁበት ሳምንት ስልክ አንሱና የዚያን ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ «እህቴ፣ ያን ሳምንት ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቋት። ኪት አልቆ ይሆናል። ወንዙ ሞልቶ መንገድ ዘግቶ ይሆናል። ከቆላ የመጡ ሠራተኞች ሰፍረው ይሆናል። የነገረቻችሁን ጻፉት፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሞዴል የሚገባው ግብዓት እሱ ነው።